እስከ ማዶኛው ጎል የሚደርስ ሪሞት

ሳንሱሲ፣ ኮልፌ ቀራንዮ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ራኬብ፣

የጌታ ሰላም በረዶውን ጥሶ ያለሽበት ይድረስ። እኔ አጎትሽ ጉልላት ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ እኔን የምትቆጣበትን ጉልበት ጌታ በየማለዳው ያድስላታል።

መደወል እየቻልኩ ለምን እንደምጽፍ ትገረሚ ይሆናል። በዚህ ግቢ ስልክ የሚባለው ነገር እናትሽ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጠው ዕቃ ነው። አንቺ እዚያ ስታስነጥሺ ጎረቤታችን ኤቢሴ በአጥር በኩል «ይማርሽ» ትላለች። ስለዚህ በወረቀት እየጻፍኩ፣ ፎቶ እያነሳሁ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። አንቺም ለእኔ ብቻ ጻፊ። እናትሽ እንዳታውቅ የምፈልገው ክፉ ነገር ኖሮ አይደለም።

ጉዳዩ የአባትሽ ነጭ ቆሮላ ነው። አባትሽ ጌታቸው ካረፈ ወዲህ እያጠብኩ፣ ዘይቷን እየቀየርኩ፣ እሑድ እሑድ እናትሽን ቤተ ክርስቲያን እያደረስኩባት አለሁ። ትሸጥ ወይስ ትቆይ የሚለውን እስከ ገና እወስናለሁ ማለትሽን አልረሳሁም። እናትሽ እንድትቆይ ትፈልጋለች። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

ያን ጊዜ ስትመጪ ያመጣሽለት ሪሞት፣ አባትሽ ቁርሱን እየበላ በመስኮት ሞተር የሚያስነሳበት፣ ዛሬም ይሠራል። ግን ሩቅ አይደርስም። ከበረንዳው እስከ ውጭው በር ድረስ ይታዘዛል፤ ከዚያ አልፌ ስጫነው እንዳልሰማ ይሆናል። እናንተ አገር ሰው ፎቅ ላይ ሆኖ መኪናውን እንደሚያስነሳ ነግረሽኝ ነበር። ርቀቱን በምን ልጨምረው? ሩቅ፣ በጣም ሩቅ እንዲደርስልኝ እፈልጋለሁ። ለማስነሳትም፣ ለማጥፋትም።

ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። አጎትሽ ስለሆንኩ ብቻ መልሺልኝ።

ጌታ አፍንጫሽን ከብርዱ ይጠብቅልሽ።

አጎትሽ ጉልላት


ዊኒፔግ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ጋሼ ጉልላት፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎም፣ ለእማዬም፣ ለግቢው ሁሉ ይሁን። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። አፍንጫዬም እስካሁን ቦታው ላይ አለ።

ስለ ሪሞቱ የማውቀውን ልንገርዎ። መጀመሪያ ባትሪውን ይቀይሩት፤ ከአባዬ ጊዜ ጀምሮ ያለው ከሆነ ደክሟል። ሲጫኑት ኪስ ውስጥ አድርገው አይሁን፤ ከፍ አድርገው ይያዙት። አሁንም ካልደረሰ አገጭዎ ሥር አስጠግተው፣ አፍዎን ትንሽ ከፍተው ይጫኑት። እየቀለድኩ አይደለም። የሰው ጭንቅላት ምልክቱን ራቅ አድርጎ ይወረውረዋል ይላሉ። እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ ቆሜ የማደርገው ነው፤ እዚህ ማንም አይስቅብኝም።

ሌላው መኪናዋ ውስጥ ያለችው መቀበያ ናት። ብረት አጠገብ ወይም ጥቁር ፊልም የተለጠፈበት መስታወት ላይ ከሆነች ትታፈናለች። የፊት መስታወቱ መሃል፣ ከላይ በኩል ትለጠፍ። ለማንኛውም ረጅም ርቀት የሚደርስ አዲስ ዕቃ ከነሪሞቱ ገዝቻለሁ፤ ብሩኬ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ለሰርግ ስለሚመጣ እሱ ያደርስልዎታል።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። አይጠይቁኝ ቢሉም እጠይቃለሁ። መኪናዋ የምታድረው ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው ማለት ከበረንዳው እስከ ውጭው በር ነው። ሪሞቱ እስከ በሩ የሚደርስ ከሆነ የቀረው የት ነው? ሌላ ቦታ ማደር ጀምራለች እንዴ? እዚህ ሰው ከሩቅ የሚያስነሳው ስለሚበርደው ነው። ከሩቅ ለማጥፋት የሚቸኩል ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

እማዬን ሳሙልኝ።

ራኬብ


ሳንሱሲ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለራኬብ፣

ጌታ ዘመንሽን ይባርክ፤ ያንን ነገር የምትጎረጉሪበትን ጣትሽን ግን ትንሽ ያሳርፍልኝ። ብሩኬ መጥቶ ዕቃውን አድርሶልኛል። ጨዋ ልጅ ነው፤ እናትሽ ሦስት ጊዜ አብልታ ነው የለቀቀችው። ምን እንዳመጣ ስትጠይቀው «የመኪና ነገር» አላት፤ እኔም ወሬ ቀየርኩ።

ዕቃው እስኪመጣ ምክርሽን ሞክሬ ነበር። ባትሪ ቀየርኩ፤ ትንሽ ጨመረ። እጄን ሰቀልኩ፤ ትንሽ ጨመረ። ከዚያ አጥሩ ጥግ ሄጄ ሪሞቱን አገጬ ሥር ሸጉጬ፣ አፌን ከፍቼ፣ ወደ ሰማይ አንጋጥጬ ስጫን ኤቢሴ ደረሰች።

«ጋሼ ጉልላት፣ ምን ሆነው ነው?»

«ከመኪናዬ ጋር እያወራሁ ነው» አልኳት።

በዚያው ሳምንት የጸሎት ቡድኑ ስሜን ከታመሙት ጋር ጠርቶ ጸለየልኝ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አሜን አልኩ። ጸሎት አይናቅም።

አዲሱን ዕቃ ጦር ኃይሎች ሰፈር ያለው ኤሌክትሪሻን ኤባ ገጠመልኝ። ኤባ ከዚህ በፊትም አንድ ሽቦ ጨምሮልኝ ነበር፤ ቁልፍ ገብቶ መኪናዋ እየተነዳች ሳለ እንኳ ሪሞቱን ስጫነው ሞተሩ ቀጥ ይላል። ያንን ሽቦ ከአዲሱ ጋር አገናኘልኝ። መቀበያዋን እንዳልሽው መስታወቱ መሃል ለጠፋት፤ እንድታይው ፎቶዋን ልኬያለሁ። አሁን ከዚህ ስጫን እስከ ማዶ ድረስ ትሰማለች። ከምን ማዶ ብለሽ እንዳትጠይቂ።

ለምን ላልሽው መልሱ ቀላል ነው። ለሌባ ነው። ሰሞኑን ሰፈሩ ጥሩ አይደለም። አንዱ አስነስቶ ይዟት ቢሮጥ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ በአንድ ጣት አቆማታለሁ። ብልህ አጎት አለኝ ብለሽ አመስግኚ።

አጎትሽ ጉልላት


ዊኒፔግ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉልላት፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕቃው በደህና በመግባቱ ደስ ብሎኛል። ፎቶውንም አየሁት። ደግሜም አየሁት።

መቀበያዋ ጥሩ ቦታ ላይ ናት። ከመቀበያዋ በታች ያለው ነገር ግን ገርሞኛል። የሹፌሩ ወንበር መሪው እስኪነካው ድረስ ወደ ፊት ተጎትቷል። እርስዎ በዚያ ወንበር ቢቀመጡ መሪውን በሆድዎ ካልሆነ ማዞር አይችሉም። ወንበሩ ላይ ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ ወፍራም ስፖንጅ አለ። የውስጥ መስታወቱም ወደ ታች ዘንበል ብሏል።

ጋሼ፣ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው አጭር ነው። ማን ነው?

ግቢው ውስጥ ከእርስዎና ከእማዬ ሌላ ሰው የለም። እማዬ እንደሆነች የመኪና ቁልፍ እንኳ የምትይዘው በሁለት ጣቷ፣ እንደ ሞተች አይጥ አንጠልጥላ ነው። እንግዲህ የአባቴን መኪና ለሌላ ሰው ሰጥተው ይሆን? ሪሞቱስ ያ ሰው ሩቅ እንዳይሄድብዎ ነው? እውነቱን ቢነግሩኝ ይሻላል።

ራኬብ


ሳንሱሲ
ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመርማሪዋ የእህቴ ልጅ፣

ከጥርጣሬሽ የሚያሳርፍ ሰላም ይብዛልሽ። መልሴ የዘገየው ሥራ ስለበዛብኝ ነው። ምን ሥራ አለዎት እንዳትዪ፤ ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ይበዛበታል።

ስፖንጁ ለወገቤ ነው። ወንበሩን ወደ ፊት የገፋው ኤባ ነው፣ ሽቦ ሲጎትት። መስታወቱን ያዘነበልኩት ደግሞ ጢሜን ለማየት ነው። ሦስቱንም አንድ ላይ ስታነቢያቸው ያልጣሙሽ እንደሆነ አንድ በአንድ አንብቢያቸው።

ይልቅ አሁን የምጠረጥረው እኔ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ያ የአባትሽ ወንድም ልጅ ቀዳማዊ፣ አባትሽ ካረፈ ወዲህ ደጃችንን ረግጦ የማያውቀው፣ ከዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ሙዝ ይዞ መጣ። እናትሽ ልጄ ናፈቀን ብላ ተደሰተች። እኔ ሙዙን አየሁት፤ ከመንገዳችን አፍ ላይ የተገዛ ነው። ከሩቅ አስቦ የመጣ ሰው ከሩቅ ይገዛል። ትንሽ ተቀምጦ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ወጣ። ሲቆይብኝ ተከተልኩት። ግማሽ ሰውነቱ ቆሮላዋ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ አገኘሁት።

«ምን ፈልገህ ነው ልጄ?»

«ሽንት ቤቱ ጠፍቶብኝ ነው።»

«እዚያ ውስጥ አላስገባነውም።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ምን ያህል ኪሎ ሜትር እንደተነዳች እያነበበ ነበር። ማን እንደላከው አልጠየቅኩትም፤ የላከችው ልጅ ዊኒፔግ ተቀምጣ ብርድ እየመታት እንደሆነ አውቃለሁ። ለመሆኑ መኪናዋን ለእሱ ልትሸጪለት ተስማምታችሁ ይሆን? እንዲያ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ። እኔ ለራሴ አይደለም የምጨነቀው።

እናትሽ ደህና ናት። ሰሞኑን ዝም ማለት አብዝታለች እንጂ ደህና ናት።

አጎትሽ ጉልላት


ዊኒፔግ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ጉልላት፣

ጤና ይስጥልኝ።

አዎ፣ ቀዳማዊን የላክሁት እኔ ነኝ። ሙዙ የራሱ ሐሳብ ነው። ከዚያ በኋላም ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከመንገዳችሁ አፍ ላይ ጠብቆ እንዲከተልዎ ነግሬዋለሁ። ያየውን እንደነገረኝ እጽፋለሁ።

መኪናዋ የሄደችው ከሳንሱሲ በላይ ወዳለው ኳስ ሜዳ ነው። ሜዳው ሲደርሱ እርስዎ ከሹፌሩ ወንበር ወርደው ከኋላ የነበረች ሴት ገባችበት። ሴትየዋ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራለች፣ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። በመስታወቱ ጥቁረት ምክንያት ፊቷን ማየት አልቻለም። ብቻዋን ስትነዳ እርስዎ ወዲህኛው ጎል ሥር እጅዎን አገጭዎ ላይ አድርገው ቆመው ነበር። መኪናዋ ትሄድና ቀጥ ትላለች። ትነሳና ደግሞ ቀጥ ትላለች። በመጨረሻ ሴትየዋ መሪውን በጥፊ መታችው።

ጋሼ፣ ቢያፈቅሩ ከማንም በላይ የምደሰተው እኔ ነኝ። ዕድሜዎን ሙሉ ብቻዎን ኖረዋል። ግን እማዬ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ፣ በአባቴ መኪና፣ በድብቅ፣ ማንነቷን ለማላውቃት ሴት? ለእኔስ ሌባ ነው፣ ወገብ ነው፣ ጢም ነው እያሉ? ያ የላክሁት ዕቃ ለዚህ ነበር?

በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ቀዳማዊ መጥቶ ቁልፉን ይረከብዎታል። እስከ ገና መጠበቅ አያስፈልገኝም። መኪናዋ ትሸጣለች።

ራኬብ ጌታቸው


ሳንሱሲ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለራኬብ፣

«አቶ ጉልላት» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ፖሊስ ጣቢያ የተጠራሁ መሰለኝ። ሰላምታውን እዚህ ላይ ልዝለለውና ወደ ነገሩ ልግባ፤ ቃሌን ላፈርስ ስለሆነ ሳልቀዘቅዝ ልጻፈው።

ያቺ ባለ ጥቁር መነጽር ሴት እናትሽ ናት።

አሁን ተቀመጪ። ተቀምጠሽም ከሆነ ውኃ ጠጪ።

አባትሽ ካረፈ በኋላ በነበረው ክረምት እኔ ክፍል መጣችና በር ዘጋች። «ጉልላት» አለችኝ፣ «ከቤተ ክርስቲያን በወጣሁ ቁጥር ሰው ሁሉ ማን ያደርስሻል ይለኛል። ማን ያደርሳታል፣ ማን ይዟት ይሂድ፣ እንደ ሻንጣ። መንዳት ልማር ነው። ለራኬብ ትንፍሽ ብትል ወንድሜ አይደለህም።» እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አንቺ የሴቶች ጸሎት እንደሄደች እየነገረችሽ፣ ማሠልጠኛ ገብታ የልጅ ልጅ ከሚሆኗት ወጣቶች ጋር ተማረች። ወደቀች፣ ወደቀች፣ ከዚያ አለፈች። መንጃ ፈቃድ አላት። ፎቶዋ ላይ እንደ ወታደር ነው የቆመችው።

ግን አስፋልት መውጣት ፈራች። ሜዳውን ያለ ሰው እርዳታ በደህና ካልዞርኩ አልወጣም አለች። መጀመሪያ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሳቄ አመለጠኝ። «ውረድ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዋን ናት።

ሜዳውን ልጅ ሆነሽ ታውቂዋለሽ። ከማዶኛው ጎል ጀርባ ያለው ገደል አሁን ወንዙ በልቶት ቀርቧል። አንድ ቅዳሜ እዚያ ጋ ስትዞር ፍሬኑን ረሳችው። ገደሉ ጫፍ ስትደርስ ትዝ ብሏት ቆመች። ሰኞ ዕለት ኤባ ጋ ሄጄ ሽቦውን አስጨመርኩ። ለእሷ አልነገርኳትም። ችግሩ የሪሞቱ ርቀት አጭር ነበር፤ ከመኪናዋ ጎን እየሮጥኩ ነበር የምጠብቃት። በዚህ ሆዴ። ስለዚህ ነው ሩቅ እንዲደርስ የለመንኩሽ።

እዚህ ድረስ ያለው ለክፋት አይደለም። የሚያሳፍረኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

ሪሞቱ አጭር ሳለ እየሮጡ መጫን ስለሚያደክም ለገደሉ ብቻ ነበር የምቆጥበው። አንቺ የላክሽው መጣና ጎል ሥር ቆሜ፣ ሳልንቀሳቀስ፣ ሜዳውን በሙሉ ያዝኩት። ትንሽ ስትፈጥን ተጫንኩ። ጠማማ ስትዞር ተጫንኩ። በግ ሲያልፍ ተጫንኩ። እጄ ለመደ። እሷ ግን ጥፋቱ የራሷ እየመሰላት ነው። በወጣትነቷ አባትሽ በቮልሷ ሊያስተምራት ሲሞክር ሞተሩ እግሯ ሥር እየጠፋ ተስፋ አስቆርጧት ነበር፤ የማሠልጠኛውም እንደዚያው ይጠፋባት ነበር። እንደ ቆሮላዋ ያለ ኦቶማቲክ መኪና በነጂ ጥፋት እንዲያ እንደማይጠፋ ማን ይንገራት? የሚያውቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የማጠፋው ነኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከሜዳው አሁን መመለሳችን ነው። መሃል ሜዳ ላይ ጠፋባት፣ ማለቴ አጠፋሁባት። ወርዳ በሩን ሳትዘጋ ወደ እኔ መጣች። «በቃኝ፤ መኪናዋም ሰው ታውቃለች፤ ራኬብ ትሽጣት» አለች።

አሁን ነገሩ አንቺ እጅ ነው። አባትሽ ያረፈ ዕለት በስልክ «እማዬን ብቻ ጠብቁልኝ» ብለሽኛል። ተጫን ካልሽኝ ለምኜ ሁለት ቅዳሜ ወደ ሜዳው እመልሳትና እጫናለሁ፤ ለዘላለሙ ትተወዋለች። ማንም አልከለከላትም፣ ማንም አልተጣላትም። መኪናዋ ትሸጣለች፣ አንቺም ተኝተሽ ታድሪያለሽ። አትጫን ካልሽኝም ገደሉ እዚያው እንዳለ እወቂ።

መልስ እስክትሰጪኝ ቀዳማዊን አቆዪው።

አጎትሽ ጉልላት


ዊኒፔግ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉልላት፣

ዝም ያልኩት ተቆጥቼ ነው ብለው እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ተቆጥቻለሁም። ግን ዝም ያልኩት ለዚያ አይደለም።

ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ የጻፍኩት መልስ «ይጫኑ» የሚል ነበር። ከዚያ ሌላ ቃል አልነበረውም። አልላክሁትም፤ አልደመሰስኩትምም። በየቀኑ እየከፈትኩ አየዋለሁ። ስለ ገደሉ አስባለሁ፣ ልልክ እልና እተወዋለሁ።

ዛሬ ከአምልኮ ስመለስ ለእማዬ ደወልኩላት። እንደ ወትሮው ድምፅ ማጉያው ላይ አላደረገችኝም፤ ጆሮዋ ላይ ነበርኩ። ስለ መኪናዋ ሳልጠይቃት «ሽጫት ልጄ፤ እኔ ለምንም የምሆን ሰው አይደለሁም» አለችኝ። ለማስቀየም ብላ አይደለም የተናገረችው። ቤት ውስጥ ስኳር አልቋል እንደምትል አድርጋ ነው ያለችው። አባዬ ሲሞት እንኳ በዚያ ድምፅ አላወራችኝም።

ስለዚህ ሽቦውን ያስነቅሉት። አንድ መኪና እየሄደች ሳለ ሞተሯ ሲጠፋ መሪውም ፍሬኑም እንደሚከብድ ኤባ አልነገርዎትም? ገደሉ ጫፍ ላይ ተጭነውት ቢሆን ኖሮ ያዳኗት እየመሰለዎት ምን ያደርጓት እንደነበር ያስቡ። የላክሁት እኔ ስለሆንኩ እኔም እያሰብኩ ነው። ሜዳ ካስፈለጋት ገደል የሌለበት ሜዳ ይፈልጉላት።

ሌላው፣ እውነቱን ለእማዬ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። እኔ አልነግርልዎትም።

ቀዳማዊን አትሂድ ብዬዋለሁ። መኪናዋን በተመለከተ ከእንግዲህ የምወስነው እኔ አይደለሁም፤ እሷ ታውቃለች። ይህንንም ይንገሯት።

ጌታ አፍዎን በመልካም ቃል ይክፈተው፤ ዛሬስ ያስፈልግዎታል።

ራኬብ


ሳንሱሲ፣ ኳስ ሜዳው ላይ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለራኬብ ልጄ፣

ምስጋና ለእርሱ ይሁን፣ እስካሁን በሕይወት አለሁ። ይህን የምጽፈው ወዲህኛው ጎል ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ከሜዳው ጠባቂ ከመሸሻ በተበደርኩት እስክሪብቶ ነው።

ረቡዕ ኤባ ሽቦውን ነቀለው። ሲነቅል «ጋሼ፣ ሌባው ተያዘ እንዴ?» አለኝ። «ተያዘ» አልኩት።

ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ፣ ለምኜ አመጣኋት። ገደሉን አልረሳሁትም፤ ማዶኛው ጎል ጋ በመሸሻ ድንጋይና ግንድ መንገዱን ዘግተንበታል። እሷ ወንበሩ ላይ ገብታ ቀበቶዋን ስታስር በሩ ጋ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ሞተሩን የምታጠፊው አንቺ አይደለሽም።»

«ታዲያ ሰይጣን ነው?»

«ሰይጣን እንኳ አይደለም። እኔ ነኝ» አልኩና ሪሞቱን አሳየኋት። የቀዳማዊን ሙዝ ጭምር ሁሉንም ነገርኳት። ቀልድ ልጨምርበት አስቤ ነበር፤ አልመጣልኝም።

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ማለት፣ እዚያ ጎል ሥር አገጭህን ይዘህ፣ ዓይንህን ወደ ላይ አድርገህ ስትቆም...»

«አዎ።»

«እኔ እኮ እየጸለይክልኝ ነው ብዬ በልቤ ሳመሰግንህ ነበር!»

ራኬብ ታውቃለች አልኳት፤ መኪናዋ የአንቺ ውሳኔ ናት ብላለች አልኳት። እጇን ዘረጋች። ሪሞቱን ሰጠኋት። ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋችው።

«ራቅ በል ከመኪናው» አለችኝ።

ራቅኩ። አንድ ጊዜ ዞረች። ሞተሩ አልጠፋም። ሁለተኛ ዞረች፤ መጠምዘዣው ላይ ፍሬን ስትይዝ ቀዩን መብራት አየሁት። ሦስተኛውን ትዞራለች ስል መሪውን ወደ ሜዳው መውጫ አዙራ፣ ምልክት አብርታ፣ ግራ ቀኝ አይታ ወጣች። ጣቴ ባዶ እጄ ላይ ተጫነ። ምንም አልተፈጠረም። አስፋልቱ ላይ ነዳች፣ ሄደች።

መሸሻ መጣ። «ሴትየዋ እኮ ሄደች!»

«አይቻለሁ።»

«ወዴት ነው?»

«ለእኔ አልነገረችኝም።»

«ታዲያ አይደውሉላትም?»

«እየነዳች ስልክ ታንሳልህ?»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ስልኩን አውጥቼ ስሟን ከፍቼ ነበር። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ እዚህ ተቀምጫለሁ። ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር እነሳለሁ። አስኮ ጓደኛዋ ጋ ሄዳ ይሆን፣ ጎማ ተንፍሶ ይሆን፣ ትራፊክ አስቁሟት ይሆን፣ ሆን ብላ ልታስጨንቀኝ ይሆን? አንቺ ዊኒፔግ ተቀምጠሽ እኔን ስትጠረጥሪ ምን ይሰማሽ እንደነበር አሁን ገባኝ። የሚጠረጠር ሰው ይሻለዋል፤ እሱ ቢያንስ የት እንዳለ ያውቃል።

ላቁም። አንዲት ነጭ መኪና እየመጣች ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለውን የምጽፈው ከኋላ ወንበር ሆኜ ነው። የፊቱን ወንበር ከአስኮ ያመጣቻት ጓደኛዋ አበበች ይዛዋለች። እኔ በሩን ስከፍት አበበች ዞር ብላ «ጋሼ ጉልላት፣ ቀበቶ ይሰሩ፤ ሹፌሯ አትወድም» አለችኝ። ሹፌሯ አላየችኝም። ወደ ዓለም ባንክ እየሄድን ነው፤ የቀዳማዊን ቤት አውቀዋለሁ ወይ ብላ ጠይቃኝ አውቃለሁ ብያታለሁ። ሙዝም ገዝታለች። እባክሽ ደውለሽ እንዳታስጠነቅቂው።

ፊደሌ የተንቀጠቀጠብሽ መንገዱን ቆፍረው ስለተዉት ነው እንጂ በአነዳዷ አይደለም። አሁን ከፊታችን ሚኒባስ በድንገት ቆመ።

ቀስ ብላ ፍሬን ያዘች።

አጎትሽ ጉልላት